«ዱባይ» ያልነው ፊልተር

በአጎቴ ፎቶ ቤት ሰው ሲነሳ ከጎኑ ላልመጣው ሰው ቦታ ይተዋል። ወንዱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ አጎቴ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ «ትንሽ ወደ ግራ፣ እሷም ትቀመጥ እንጂ» ይለዋል። እሷ ጅዳ ናት፣ ወይም ኩዌት፣ ወይም ቤሩት። ፎቶዋ በስልክ ይመጣል። እኔ ከጀርባዋ ያለውን ማድ ቤት ወይም መጋረጃ ቆርጬ እጥልና ባዶው ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ። በከተማችን በመካነ ሰላም፣ በብዙ ሳሎኖች ግድግዳ ላይ አብረው ተቀምጠው የማያውቁ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጥቂቶቹን ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ።

ሥራውን የጀመርሁት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ድረስ ነበር። የተማርሁት ስታትስቲክስ ነው። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር እመዘገባለሁ፣ ዝርዝር በተለጠፈ ቁጥር ሄጄ ስሜን አጣለሁ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ቤት መዋሌን አልወደዱትም፣ ሰው ፊት መቆሜንም አልወደዱትም። ፎቶ ቤቱ ለሁለቱም መላ ሆነ። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ከደንበኛው ጋር ያወራል፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ኮምፒዩተሩ ላይ እቀመጣለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ክፍል ውስጥ እጄን አንስቼ የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ልቤ እየመታ መልሱን ሳልሰማው ቀረሁ። እንዲህ ላለ ሰው መጋረጃ ጥሩ ነገር ነው።

ፎቶ የምናስተካክልበት ፕሮግራም ውስጥ የፎቶውን ቀለም ባንድ ጊዜ የሚቀይሩ ብዙ ፊልተሮች ነበሩ። አብዛኞቹ የድሮ የካሜራ ፊልሞችን የሚያስመስሉ ናቸው። ስማቸው ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለነበር አጎቴ የራሱን ስም አወጣላቸው። እሱ በፊልም ዘመን የጀመረ ሰው ነው፤ ያነሳውን ፊልም በአውቶቡስ ደሴ ልኮ ታጥቦ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። የትኛው ፊልም ቀይ እንደሚያጎላ፣ የትኛው ፊት እንደሚያገረጣ በልቡ ያውቃል። ቢጫውን የሚያሞቀውን ፊልተር «መስከረም» አለው፤ ቀዝቃዛውንና ሰማያዊውን «ክረምት»። ቀለሙ የደበዘዘውን፣ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ የሆነውን «ደርግ» ያሉት ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው። «በደርግ አርጊልኝ፣ አባቴን ልምሰል» እያሉ ይስቃሉ።

ከሁሉ የሚፈለገው ግን ፊልም የማያስመስለው ነው። ፊት ያነጣል፣ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ዓይን ያበራል። ስም ያወጡለት ደንበኞች ናቸው። አንዲት እናት ከወግዲ መጥተው «ልጄንም እንደ ጎረቤቴ ልጅ ዱባይ አርጉልኝ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ «ዱባይ» ሆኖ ቀረ።

የእኔ ሙያ ማጣመሩ ነበር። አንዱ የደጋ ፀሐይ በመስኮት ገብቶለት የተነሳ፣ ሌላዋ በሰው ቤት መብራት ሥር የተነሳች፣ ሁለት ሰዎች እንዲያው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ማንም አያምናቸውም። መጀመሪያ ብርሃናቸውን አቀራርባለሁ፤ መጨረሻ ላይ ከሁለቱም በላይ አንድ የፊልም ቀለም እደርባለሁ። ያን ጊዜ ባንድ ቀን፣ ባንድ ክፍል የተነሱ ይመስላሉ። በዚህ እኮራ ነበር። ማን እንደሠራው ስለማይታወቅ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከጎረቤት ከተማ፣ ከከላላ፣ አንዲት ሴትዮ ከወንድ ልጃቸው ጋር መጡ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ቤቶች!»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ» አለ አጎቴ።

«ልጄን አንሱልኝ። ሚስቱ ከጎኑ ትሁን።»

«የት ናት እሷ?»

«ጅዳ። ኒካሁ ሊታሰር ሁለት ጁምዓ ነው የቀረው፤ ወሊ ሆነው የሚያስሩላት አባቷ እዚሁ አሉ። እሷ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ትገባለች፣ ኢንሻ አላህ። እስከዚያ ሰው ባዶ ግድግዳ እያየ ይግባ ይውጣ?»

ልጃቸው ልብስ ሰፊ ነው። ቆሞ ለደንበኛ የምናውሰውን ኮት እጅጌ ይገለብጥ ነበር።

«ይሄ ስፌቱ ተጣሟል» አለ።

«ፎቶ ላይ አይታይም» አለው አጎቴ።

«እኔ አየሁት።»

«ወላሂ፣ ለኒካህህ መጣህ ወይስ ለኮቱ?» አሉ እናቱ። ተቀመጠ፤ ወደ ግራ ተባለ፤ ባዶ ቦታ ትቶ ተነሳ።

በማግስቱ ከጅዳ ሦስት ፎቶ መጣልን። ሦስቱም ላይ ልጅቷ ግራ ጉንጯን ወደ ካሜራው ሰጥታለች። ሻሿን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋዋለች። ከጉንጯ አጥንት ሥር ጀምሮ እስከ አንገቷ የወረደ ጠባሳ አለ። ከጀርባዋ የማድ ቤት መደርደሪያ ይታያል፤ የመብራቱ አረንጓዴ ፊቷ ላይ ወርዷል።

ያኔ ያሰብሁትን አስታውሳለሁ። «ምስኪን፣ የትኛው ጎኗ እንደሚያምር የሚነግራት ሰው አጠገቧ የለም» አልሁ። የበለጠውን መርጬ «ዱባይ» አደረግሁላት። ከጠባሳው ግማሹ በዚያው ጠፋ። የቀረውን ከግንባሯ ንጹሕ ቆዳ እየወሰድሁ በእጄ ሸፈንሁት። ከዚያ ከሁለቱም ላይ «መስከረም»ን ደረብሁ። መብራት መሐል ላይ ጠፍቶ የሠራሁት ግማሽ ቢጠፋም እንደገና ሠራሁት። ጠዋት የጀመርሁት ከቀትር በኋላ አለቀ። አጎቴ በመጋረጃው ብቅ ብሎ አየና «እጅሽ ይባረክ፣ ይቺማ የተወለደችውም እዚህ ወንበር ላይ ነው» አለኝ።

ፎቶው ትልቅ ሆኖ ታትሞ ፍሬም ገባ። እናትና ልጅ ሊወስዱት ሲመጡ ሴትዮዋ መስታወቱን ሳሙት።

«ማሻአላህ! ጨረቃ!»

ልጃቸው ጠጋ ብሎ አየ። «ድሮም እንዲህ ቀይ ነበረች እንዴ?»

«ዝም በል፣ የምቾት ነው!»

ኒካሁ ከላላ ታሰረ። ፎቶው እንግዳ ፊት ቀርቦ እልል እንደተባለለት ሰማሁ፤ ደስ አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ በፎቶ ቤቱ ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት መጣ። አጎቴ አልነበረም፤ እኔ ከፈትሁት። የሴት ድምፅ ነው፤ ከኋላው ውሃ ይወርዳል።

«አሰላሙ ዐለይኩም። የጅዳዋ ነኝ፣ የከላላው ልብስ ሰፊ ሚስት። ፎቶዬን የሠራው ሰው ይስማኝ። እህቴ ከግድግዳ ላይ አንስታ ላከችልኝ። ጠባሳዬን ማን ነው ያጠፋው? እኔ እኮ እንዲያዩት ነው የላክሁት። ሦስቱንም በዚያ በኩል የተነሳሁት ለዚያ ነው።»

እዚህ ላይ ውሃው ቆመ።

«ዘይት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በረመዳን፣ ሳምቡሳ ስጠብስ ነው። ለእናቴም አልነገርሁ። ለእሱ ልነግረው ስንቴ ደወልሁ፤ የሱ ስልክ ፎቶ አይቀበል፣ ድምፁን ከፍ አድርገው እናቱ አብረውት ይሰሙኛል። ምላሴ እምቢ አለኝ። እንግዲያው ፎቶው ይንገርልኝ አልሁ። አይተው ከጠሉኝ ኒካሁ ሳይታሰር ይቅር፤ አይተው እሺ ካሉ አልሐምዱሊላህ። ዝም ሲሉኝ እሺ ያሉ መሰለኝ። ለካ አላዩትም። አሁን ታስሯል። ስገባ ምን ይሉኛል? ዐይቧን፣ ጉድለቷን ደብቃ ገባች ነው የሚሉኝ። ያጠፋው ሰው ይመልስልኝ።»

ሁለቴ ሰማሁት። ፎቶ ማሳመር ማንንም የሚጎዳ ሥራ አይመስለኝም ነበር። አጎቴ ሲመጣ አሰማሁት።

«ያዘዙት እናትየው ናቸው» አለ። «ወደውታል፣ ስመውታል። እኛ በሰው ትዳር አንገባም።»

«ገብተናል እኮ» አልሁት።

ለእሱ መልስ መስጠት ልማዴ አልነበረም። ትንሽ አየኝና «እንግዲያው አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ከላላ ድረስ ሄጄ የሰው ሚስት ጠባሳ አላወራም» ብሎ ካሜራውን መወልወል ጀመረ።

መጀመሪያ ቀላል መሰለኝ። እሷ የላከችውን ፎቶ አውጥቼ ምንም ሳልነካው አተምሁት፤ ያልተነካ ፎቶ እውነቱ ነው ብዬ። ሲወጣ ደነገጥሁ። የመብራቱ አረንጓዴ ጠባሳውን አጥቁሮት፣ ስልኩም ዳር ዳሩን አጉልቶት፣ ትናንት የተቃጠለ ቁስል ይመስላል። ይህን ለባሏ ብሰጠው ሌላ ውሸት መስጠቴ ነው። ትክክለኛውን ቀለም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ጻፍሁላት። ቶሎ መለሰች፦ «ጽሑፍ አትላክብኝ፣ እጄ ሥራ ላይ ነው፤ አውራኝ።»

መጋረጃውን ዘግቼ ስልኩን አፌ አጠገብ ያዝሁ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። እመልሰዋለሁ። ግን ቀለሙ በትክክል ምን ይመስላል?»

«ሴት ነሽ እንዴ! እኔ ወንድ ነው ብዬ ሦስት ቀን ስረግም። ቆይ በመስታወት ልየው… ሻይ ነው። ወተት ጠብ ያለበት ሻይ። ዳር ዳሩ ጠቆር ይላል።»

«ቀላ አይልም?»

«ኧረ ቀይ እንዳታደርጊው፣ ድኗል እኮ!»

«ያብረቀርቃል?»

«ሲያልበኝ። አሁንማ እያላበኝ ነው፣ ምድጃ ሥር ነኝ።» ሳቀች።

ሁለት ቀን እንዲህ ሠራን። እኔ አስተካክዬ እልካለሁ፤ እሷ እመቤቷ ዘወር ስትል አይታ ትመልሳለች። «ከንፈሬ አጠገብ አይደርስም፣ መልሺው።» «አንገቴ ላይ ይሰፋል፣ አትፍሪ።» ፊልተሮቹን አንድ በአንድ ሞከርኋቸው። «ክረምት» ጠባሳውን የተመታ አስመሰለው። «መስከረም» ከጉንጯ ጋር አቅልጦ ደበቀው። «ደርግ» ባልና ሚስቱን እኩል አስረጃቸው። እስከዚያ ቀን ፊልተር ልብስ ይመስለኝ ነበር፤ ያው ሰው በሌላ ልብስ። ለካ እያንዳንዱ ከሰው ፊት የሚወድደውና የሚጠላው ነገር አለው። ከዝርዝሩ መጨረሻ ግድም አንድ ማንም ጠይቆት የማያውቅ፣ አጎቴም ስም ያላወጣለት የፊልም ቀለም ነበር። ደረቅ ነው፤ ምንም አያሞቅም፣ ምንም አያጎላም። እሱን ሳሳ አድርጌ ከሁለቱም ላይ ደረብሁትና ላክሁላት።

መልሷ ዘገየ። ከዚያ «አዎ፣ ይቺ እኔ ነኝ» አለች። «አሁን በእጁ ስጪልኝ። ለእናቱ አይደለም፣ በእጁ። አደራ።»

በከላላ ገበያ ቀን በሚኒባስ ሄድሁ። ለአባቴ ፎቶ ላደርስ ነው አልኋቸው፤ እውነት ነው። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን በልቤ ስደጋግም ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ሦስት የስፌት መኪና ደርድረው ይሰፋሉ፤ እሱ ዳር ላይ ነበር። መሐል የተቀመጠው ገና ስደርስ ጮኸ።

«ሙሽራው! ሴት መጣችብህ! ኒካህህ ገና ሳይደርቅ!»

«አንተ ክርህን ጠብቅ» አለው። ከዚያ አወቀኝ። «የፎቶ ቤቷ ነሽ አይደል?»

ፖስታውን ሰጠሁት። በልቤ የደጋገምሁት ሁሉ ጠፋብኝ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ፎቶውን አወጣና አየው፤ ተነስቶም ወደ በረንዳው ጫፍ፣ ወደ ፀሐዩ ይዞት ሄደ። ተከተልሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጠባሳ ነው። ዘይት ነው። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«በፊተኛው ላይ የለም።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ማን አጥፊ አለሽ?»

«ማንም።»

ፊቱ ሲጠቁር አየሁ፤ ለማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? ኒካህ ታስሮ ነው የሚነገረው?»

በዚህን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። «ነግራሃለች» አልሁት። «ኒካሁ ሳይታሰር በፊት ነው የነገረችው። ፎቶው ነበር ንግግሯ። በስልክ እናትህ ስለሚሰሙ አፈረች፤ ስለዚህ ሦስቱንም ፎቶ ጠባሳው እንዲታይ አድርጋ ተነሳች። እኔ ያማረ መስሎኝ ደመሰስሁት። እሷ ምንም አልደበቀችም። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ለማላውቀው ወንድ ተናግሬ አላውቅም። መሐል ላይ የተቀመጠው መኪናውን አቁሞ እንደሚሰማን ያየሁት ስጨርስ ነው።

ልብስ ሰፊው ተመልሶ ተቀመጠ። ፎቶውን ጭኑ ላይ አድርጎ የመኪናውን ጎማ ጨርቅ ሳያስገባ ባዶውን በእጁ አዞረው።

«አሁን ያማታል?» አለኝ።

«ድኗል ብላለች። ሲያልባት ብቻ ያብረቀርቃል።»

«ድሮም ቀይ አልነበረችም» አለ። «አንድ ክፍል ነው የተማርን። እኔ እኮ ፎቶው ላይ ያለችውን አላውቃትም ነበር፤ ለእናቴ ብዬ ነው ዝም ያልሁ።» ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየ። «በዚህ ድምፅ ይላካል?»

ከፍቼ እንዴት እንደሚያዝ አሳየሁትና ጥቂት ራቅሁ። እንዳልሰማ ነበር የራቅሁት፤ ግን ሰው በስልክ ሲያወራ እንደሚጮኸው ጮኸ። «ፎቶሽ ደረሰኝ። ሁለተኛው። አይቼዋለሁ። አብሽሪ፣ ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ። አንቺ ብቻ በዘይት ስትጠብሺ ራቅ በይ።» መሐል የተቀመጠው «እንዴት ያለ የፍቅር ቃል ነው አንተ!» ብሎ ሳቀበት፤ እሱም የጨርቅ ቁራጭ ወረወረበት።

ያን ቀን ከላላ ላይ ኢንተርኔት ስላልነበረ መልእክቱ አልሄደም። ድምፁን በስልኩ ይዤው ተመለስሁ። ሚኒባሱ ዳገቱን ወጥቶ ሜዳውን ሲይዝ ስልኩ ነዘረና መሄዱን አሳየኝ። እስከዚያ ድረስ ከእጄ አላወረድሁትም ነበር።

በሦስተኛው ቀን እናትየው ፎቶ ቤት መጡ። ቁጣቸው ከመንገድ ማዶ ይሰማል። «ጨረቃ የመሰለች ምራቴን ምን አረጋችሁብኝ!» አጎቴ ወደ መጋረጃው ጠቆመ፤ ወጥቼ ለልጃቸው እንደነገርሁት ነገርኋቸው። ሰምተው ሰምተው፣ «ለእናቷም አልነገረች?» አሉ። አልነገረችም አልኋቸው። «ያ ረቢ፣ ብቻዋን ነው የታመመችው» ብለው ተቀመጡ። ቢሆንም ፊተኛውን ፎቶ ከግድግዳ አላወርድም አሉ። ልጃቸው ሁለተኛውን ከስፌት መኪናው በላይ ሰቀለው። ሁለቱም እንዲሁ ቆዩ።

ልጅቷ የገባችው ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ከባሏ ጋር ፎቶ ሊነሱ መጡ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርሁ፤ ለአጎቴ የወረቀት መጠን ስነግረው ሰማችኝ።

«ይቺን ድምፅ አውቃታለሁ። ነይ ውጪ!»

ወጣሁ። አቅፋ ሳመችኝና ራቅ ብላ ግራ ጉንጯን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ሻሿን ሳብ አደረገች።

«እይ እስቲ። አብዝተሽዋል።»

እውነቷን ነው። እኔ የሠራሁት ከፊቷ ይልቅ ጠቆር ያለ ነበር፤ በሁለቱ ወር የሳሳም አይመስለኝም። ደብቄ ስለነበር፣ ስመልሰው ፈርቼ አብዝቼዋለሁ።

ባሏ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አጎቴ እንደ ልማዱ «ትንሽ ወደ ግራ» አለና አጠገቡ ሰው መኖሩን አይቶ ዝም አለ። ፎቶውን እሷን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ፊቷን ከኮምፒዩተሩ ጋር እያስተያየሁ፣ በዚያው ስም በሌለው ቀለም ሠራሁት። የጠባሳዋ ሻይ ላይ ትንሽ ወተት ጨመርሁበት።